አንደኛ የወጣው ሁሉ ልዩ ተሰጥኦ አለው? ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያሉትን በምን እንለይ፣ ከለየን በኋላስ ምን እንስጣቸው?

የኮዬ ሂሳብ መምህር | ጥቅምት 11፣ ከምሽቱ 2:15

ሰላም ለመድረኩ ቤተሰቦች። ጥያቄዬ አዲስ አበባ ዳር ዳር ያሉትን የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይመለከታል፤ ኮዬ ፈጬን፣ ቱሉ ዲምቱን፣ የካ አባዶን፣ ቦሌ አራብሳን። ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ከየሰፈሩ የመጡ ቤተሰቦች ልጆችና የነባሩ ገበሬ ልጆች አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። አንድ ክፍል ውስጥ 60 ልጅ ማየት ብርቅ አይደለም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ፣ አካል ጉዳተኞችም ሆኑ ልዩ ተሰጥኦ ያላቸው ልጆች እንደ ችሎታቸውና ፍላጎታቸው እንዲማሩ ማስቻልን ከዓላማዎቹ አንዱ አድርጎ አስቀምጧል። ለመጀመሪያዎቹ ብዙ ቢቀርም የተጀመረ ሥራ አለ። ለሁለተኞቹ ግን በተግባር የሚታየው ከ1ኛ እስከ 3ኛ የወጡትን ሰልፍ ላይ አስጨብጭቦ ደብተርና እስክሪብቶ መሸለም ነው። «የባለ ተሰጥኦ ተማሪዎችን ዝርዝር ላኩ» ሲባልም የሚላከው የሮስተሩ (የተማሪዎች ውጤትና ደረጃ የሚሰፍርበት ሰንጠረዥ) የመጀመሪያ ሦስት ስም ነው።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። በምን እንለያቸው? ከለየን በኋላስ፣ ተጨማሪ በጀትና ባዶ ክፍል ሳንጠብቅ ምን ማድረግ እንችላለን?

---

ልዩ ፍላጎት መምህርት፣ ቃሊቲ | ጥቅምት 11፣ ከምሽቱ 3:40

ቲቸር፣ ሮስተሩ ለምን እንደማይበቃ ልጀምር።

ደረጃ የሚወጣው ከሁሉም ትምህርት አማካይ ነው። አንድ ልጅ ሂሳብ ላይ ሁለት ክፍል ቀድሞ ሄዶ፣ እጁ ጽሕፈት ላይ ስለሚዘገይ አማርኛ 60 ካመጣ፣ ግብረ ገብና ሰውነት ማጎልመሻም መካከለኛ ከሆነ፣ 14ኛ ወይም 20ኛ ይወጣል። አንደኛ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ሁሉም ላይ ደኅና የሆነ፣ ደብተሩ ያልጎደለ፣ ቤት ውስጥ የሚያስጠናው ሰው ያለው ልጅ ነው። ይህ ልጅ ትጉህ ነው፣ ሽልማቱም ይገባዋል። የተለየ ትምህርት የሚያስፈልገው ግን እሱ ላይሆን ይችላል።

ሌላው ጣጣ የፈተናው ጣሪያ ነው። 10 ጥያቄ ያለው የክፍል ፈተና ላይ 15 ልጆች 10 ከ10 ካመጡ፣ ፈተናው በ15ቱ መካከል ያለውን ልዩነት አላየም ማለት ነው። የ2ኛ ክፍል ልጅ የ4ኛ ክፍል ሂሳብ ይችል እንደሆነ የሚታወቀው የ4ኛ ክፍል ጥያቄ ሲሰጠው ብቻ ነው። ስለዚህ 20 ጥያቄ አዘጋጁ፤ 8ቱ ከራሳቸው ክፍል፣ 6ቱ ከሚቀጥለው፣ 6ቱ ከዚያ ከሚቀጥለው። ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይደርደሩ፤ ልጆቹም «የማትችሉት ይመጣል፣ አትደንግጡ» ይባሉ። ይህ ካልተነገራቸው 9ኛው ጥያቄ ላይ የሚያለቅሱ ይኖራሉ።

የመምህር ጥቆማም ጥሩ መሣሪያ ነው፣ ጥያቄው ከተስተካከለ። «ጎበዝ ተማሪ ጥቀሱ» ስንባል እጃችን የሚሄደው ወደ ጨዋው፣ ወደ ዝምተኛው፣ ደብተሩ ወደ ጸዳው ልጅ ነው። በዚያ ፈንታ ሁለት ሳምንት አይታችሁ ለእያንዳንዱ ነጥብ ቢበዛ ሦስት ስም ጻፉ፦ እኔ ካሳየሁት በሌላ መንገድ ሠርቶ ትክክለኛ መልስ ያመጣ ማነው? «ለምን?» ብሎ ጠይቆ ከተመለሰለት በኋላ እንደገና «ታዲያ እንዲህ ቢሆንስ?» ያለ ማነው? ደጋግሜ ሳስረዳ የሚሰለችና የሚረብሽ፣ አዲስ ነገር ስጀምር ግን የሚነቃ ማነው? ሦስተኛውን ጥያቄ ችላ አትበሉ፤ ረባሽ ተብለው የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጡ ልጆች የሚገኙት በእሱ ነው።

ልዩነቱ በአንድ ጥያቄ እንዴት እንደሚታይ ላሳይ። «አንድ ሚኒባስ 12 ሰው ይጭናል። 50 ተማሪዎችን ለመውሰድ ስንት ሚኒባስ ያስፈልጋል?» ብዙው ልጅ 50ን ለ12 አካፍሎ «4 ቀሪ 2» ይላል። ጥሩ ተማሪ 5 ይላል። እኔ ስሙን የምጽፈው «5፣ ግን 10 ቦታ ባዶ ይቀራል፤ መምህራንም አብረው ይሄዳሉ?» ብሎ የሚጠይቀውን ነው። መልሱን ብቻ የሚያርም መምህር ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ልጅ አንድ አድርጎ ያልፋል። ስለዚህ ቢያንስ 3 ጥያቄ በቃል ይሁን።

አንድ ነገር ልጨምር። ከምንም በፊት ዓይንና ጆሮ ይታይ። የላቲኑ «ኢ» ፊደል በአራት አቅጣጫ የዞረበትን ሰንጠረዥ በ6 ሜትር ርቀት ሰቅሎ፣ አንዱን ዓይን ሸፍኖ በጣት አቅጣጫውን እንዲያሳይ ማድረግ ለአንድ ልጅ 2 ደቂቃ አይፈጅም፤ ፊደል ማወቅም አይጠይቅም። ሰሌዳው የማይታየው ልጅ በየትኛውም ፈተና ደካማ መስሎ ይወጣል።

---

የምዘና ባለሙያ | ጥቅምት 12፣ ከጠዋቱ 1:05

እህቴ ያለችውን ሁሉ እደግፋለሁ፤ ግን የምርጫው በር መምህሩ ብቻ ከሆነ ድሃው ልጅ ይቀራል። በአሜሪካ ፍሎሪዳ አንድ ትልቅ የትምህርት ወረዳ በመምህርና በወላጅ ጥቆማ መምረጡን ትቶ ሁሉንም የ2ኛ ክፍል ልጆች በቃል አልባ ፈተና ሲያጣራ፣ ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች የሚለዩት ልጆች በእጅጉ ጨምረዋል። ካርድና ጁሊያኖ የተባሉ የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎች በ2016 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ነው። ልጆቹ በፊትም እዚያው ነበሩ፤ የሚጠቁማቸው ነበር የጠፋው።

ቃል አልባ ከሚባሉት በጣም የታወቀው የሬቨን ፈተና ነው። ለትንንሾች የተዘጋጀው ባለ ቀለሙ 36 ጥያቄ አለው፣ በሦስት ምድብ 12፣ 12፣ 12። አንድ ጥለት ይታያል፣ አንድ ቁራሽ ጎድሎታል፣ ልጁ ከ6 ቁራሾች የሚገጥመውን ይጠቁማል። ማንበብ አይጠይቅም። ግን ሦስት ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ፈተናው በሥርዓት የሚገዛና በሠለጠነ ሰው የሚሰጥ ነው። ፎቶ ኮፒ ተደርጎ በቴሌግራም ከተለቀቀ ወላጅ ያስጠናዋል፤ ያን ቀን መለኪያነቱ አበቃ። ትምህርት ቤቱ በራሱ ማግኘት ካልቻለ፣ የልዩ ፍላጎት ወይም የሥነ ልቦና ትምህርት ክፍል ባለው ዩኒቨርሲቲ በኩል መጠየቅ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ከፈተናው ጋር የሚመጣውን የውጭ አገር ሰንጠረዥ አትጠቀሙ። የዚያ አገር ልጆች ውጤት ነው፤ ዘመኑም ያልፍበታል። ከራሳችሁ ትምህርት ቤት ልጆች ጋር አነጻጽሩ።

ሦስተኛው ብዙ የሚዘነጋው ነው፤ ማነጻጸሩ በክፍል ሳይሆን በዕድሜ ይሁን። ዳር ባሉ ትምህርት ቤቶች 2ኛ ክፍል ውስጥ የ7 ዓመትም የ10 ዓመትም ልጅ አለ። ሁሉንም በአንድ ላይ ብትደረድሩ ላይ የሚወጣው ትልቁ ልጅ ነው። በ6 በ6 ወር መድቧቸው። ምዝገባ ላይ የተጻፈው ዕድሜ ብዙ ጊዜ ግምት ስለሆነ የክትባት ካርድ እንዲያመጡ ጠይቁ፤ የልደት ቀን በትክክል ከሚገኝባቸው ወረቀቶች አንዱ እሱ ነው።

ጊዜውን ላስላላችሁ። 4 ሴክሽን በ60 ሲባዛ 240 ልጅ። በ10 በ10 ብትፈትኑ 24 ቡድን። ሁለት ፈታኝ በቀን ሦስት ሦስት ቡድን ቢይዙ 4 ቀን ይበቃል። ከትምህርት ቤት ምገባው ቁርስ በኋላ ይሁን። የተራበ ልጅ ጥለት አያይም።

ከሁሉ በላይ ግን ውጤቶቹን የምታገናኙበትን ቃል ተጠንቀቁ፤ «እና» ነው ወይስ «ወይም»? የከፍታ ፈተና (እህቴ ያለችው፣ ከልጁ ክፍል በላይ ጥያቄ ያለው) አለ፣ የመምህር ጥቆማ አለ፣ ሬቨን አለ። እያንዳንዱ ከ10 ባለ ተሰጥኦ ልጆች 7ቱን ይይዛል፣ የሚሳሳቱትም በየፊናቸው ነው እንበል። «ሦስቱንም ያለፈ» ካላችሁ በእጃችሁ የሚቀሩት 3 ገደማ ናቸው። ስለዚህ የመጀመሪያው በር «ወይም» ይሁን፤ በአንዱም ቢሆን ጎልቶ የታየ ይግባ። ከዚያ በኋላ 6 ሳምንት ሥራ ሰጥታችሁ ሥራው ይለየው። ሬንዙሊ የተባለው አሜሪካዊ ምሁር በ1978 እ.ኤ.አ. ያስቀመጠው ሐሳብም ከዚህ ጋር ይሄዳል፤ ከአማካይ በላይ ችሎታ፣ ፈጠራና ለያዙት ሥራ መጽናት ሲገናኙ ነው እንጂ አንዱ ብቻውን አይበቃም። መጽናትን ደግሞ በ40 ደቂቃ ፈተና ማየት አይቻልም።

---

የልጅ እናት፣ የካ አባዶ | ጥቅምት 12፣ ከቀኑ 7:30

መምህራን፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጅ ገና ኬጂ እያለ አቀላጥፎ ካነበበ ልዩ ተሰጥኦ አለው ማለት ነው? ደብል ቢመታስ (ክፍል ቢዘልስ) ይጎዳል?

---

ልዩ ፍላጎት መምህርት፣ ቃሊቲ | ጥቅምት 12፣ ከቀኑ 9:10

እህቴ፣ መጀመሪያ ማንበቡ ማንበብ መሆኑ ይለይ። ሀ ሁ ሂን በተራ የሚያዜም ልጅ በቃል ይዞት ሊሆን ይችላል። የድሮዎቹ የኔታዎች ይህን ስለሚያውቁ ነው ከሀ ሁ በኋላ አቡጊዳ የሚያስቆጥሩት፤ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ እያለ ሲሄድ ተራው ስለሚሰበር ልጁ ፊደሉን ራሱን ማየት ግድ ይለዋል። እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ፤ ከገበታው መካከል በዘፈቀደ 20 ፊደል ይጠቁሙ። ቀጥሎ አይቶት የማያውቀውን አጭር ጽሑፍ ያስነብቡትና «ከዚያስ ምን የሚሆን ይመስልሃል?» ይበሉት። ፊደሉን ከለየ ጥሩ ተምሯል። ያነበበውን ተረድቶ ከራሱ የሚጨምር ከሆነ ልብ ሊባል ይገባዋል።

ቀድሞ ማንበብ ምልክት ነው እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ዘግይቶ ማንበብም ማፍረሻ አይደለም። ስለ ደብል መምታት ሱፐርቫይዘሩ ቢመልሱልን ይሻላል።

---

ሱፐርቫይዘር | ጥቅምት 12፣ ከምሽቱ 1:50

ከደብል በፊት ሌላ ነገር አለ፣ እሱን ላስቀድም። ብዙ ትምህርት ቤት የሚሰናከለው መለየቱ ላይ ሳይሆን ከለየ በኋላ ነው። ፈጥኖ የጨረሰ ልጅ ሦስት ዓይነት ነገር ይሰጠዋል፤ ተመሳሳይ ጥያቄ ጨምሮ መሥራት፣ የክፍል አለቃ ሆኖ የሚረብሹትን ስም መጻፍ፣ ወይም ደካሞቹን ማስጠናት። የመጀመሪያው ፈጥኖ መጨረስን ቅጣት ያደርገዋል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሆን ብሎ መዘግየት ይጀምራል። ሁለተኛው ከጓደኞቹ ያጣላዋል። ሦስተኛው አልፎ አልፎ ጥሩ ነው፣ በየቀኑ ሲሆን ግን ልጁ የሚችለውን እየደገመ ዓመቱን ይጨርሳል።

መሠራት ያለበት ትምህርቱን ማሳጠር ነው። በ4ኛ ክፍል ክፍልፋይ ላይ ላሳይ። ምዕራፉ 9 ክፍለ ጊዜ ይወስዳል እንበል። ከመጀመሩ ሁለት ቀን በፊት፣ ለሁሉም ልጅ፣ የምዕራፉን መጨረሻ ፈተና የሚመስል 10 ጥያቄ በ20 ደቂቃ ይሰጥ። ለሁሉም ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ያልጠበቃችሁት ልጅ ይወጣል። 9 ወይም 10 ያመጣ፣ የሳተውን ይዘት የሚነኩ 3 ክፍለ ጊዜዎች ብቻ ይከታተል። የቀሩት 6 ክፍለ ጊዜዎች በ40 ደቂቃ ሲባዙ 240 ደቂቃ ይሆናሉ። ይህ ጊዜ የልጁ ነው። የምዕራፉን ፈተና ከሁሉም ጋር ይፈተናል፤ ማርኩም የሚያዘው ከዚያ ነው።

በ240 ደቂቃ ምን ይሥራ? መጽሐፉን ቀድሞ ይቀጥል ካላችሁ በሚቀጥለው ወር ችግሩ ተመልሶ ይመጣል። ወደ ጎን አስፉት። ለምሳሌ ይህን ስጡት፦ «መስከረም 1 ቀን 2015 እሑድ ዋለ። መስከረም 1 ቀን 2016 ግን ማክሰኞ ዋለ። ለምን ሰኞ አልሆነም? የ2020ውን ያለ ካሌንደር አግኝ።» ልጁ 365ን ለ7 አካፍሎ ቀሪው 1 መሆኑን፣ ስለዚህ ዕለቱ በየዓመቱ አንድ እንደሚገፋ ያገኛል። 2015 ዘመነ ሉቃስ ስለነበረ ጳጉሜን 6 ሆነች፤ ቀሪውም 2 ሆነ። ዘመኑን ለማወቅ ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሮ ለ4 ማካፈል ነው፤ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ። 7515 ለ4 ሲካፈል 3 ይቀራል፤ ራሱ ያረጋግጠው። ወረቀትና እርሳስ ብቻ ይበቃል። መጨረሻ ላይ ደንቡን ጽፎ ለክፍሉ በ5 ደቂቃ ያስረዳ። የት ይቀመጥ ለሚለው፣ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ መስኮት አጠገብ። ጠባቂ ወደሌለበት ቤተ መጻሕፍት የተላከ ልጅ ግቢ ውስጥ ሲዞር ይውላል።

አሁን ደብል። አንዳንድ ልጅ አንድ ትምህርት ላይ ብቻ ነው የሚቀድመው፤ ለእሱ ሙሉ ክፍል ማስዘለል አያስፈልግም። የ3ኛና የ4ኛ ክፍል ሂሳብ በአንድ ሰዓት እንዲገጥም ፕሮግራሙን ማስተካከል በቂ ነው፤ በሂሳብ ሰዓት ወደ 4ኛ ይሄዳል፣ ሲያልቅ ይመለሳል። ይህን መስከረም ላይ ፕሮግራም ሲወጣ ካልጠየቃችሁ ታኅሣሥ ላይ ማንም አይነካላችሁም። ሙሉ ክፍል የሚዘለው ሁሉም ላይ ቢያንስ አንድ ዓመት የቀደመ ልጅ ነው። በአሜሪካ አዮዋ የተዘጋጀው መመዘኛ ከሚያስቆሙ ምክንያቶች ሁለቱን በግልጽ ያስቀምጣል፤ ልጁ ራሱ ካልፈለገ፣ ወይም ወንድሙ ወይም እህቱ የሚገባበት ክፍል ውስጥ ካለ። ሁለተኛው እኛ ዘንድ ብዙ ቤት ያንኳኳል፤ ታናሽ ታላቁን ሲደርስበት ሁለቱም ይጎዳሉ።

ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ የሁለቱም ክፍል ፈተና ውጤት፣ የወላጅ ፊርማና የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የተስማማበት ደብዳቤ ከፋይሉ ጋር ይያያዝ። በትምህርት ቤቱ ስምምነት ብቻ የተደረገ ዝላይ፣ ልጁ ሲዛወር ወይም ለ6ኛ ክፍል ፈተና ሲመዘገብ «የ3ኛ ክፍል ውጤት የት አለ?» ያስብላል። ከዚያ 6 ሳምንት ሙከራ ይሁን፤ ካልሆነ መመለሱ ውርደት እንዳልሆነ ለልጁ አስቀድሞ ይነገረው።

---

መምህርት፣ ሰበታ | ጥቅምት 13፣ ከጠዋቱ 12:50

ቋንቋው ተረሳ። በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ማስተማሪያው ኦሮምኛ የሆነበት ትምህርት ቤት ውስጥ ቤቱ አማርኛ ወይም ጉራጊኛ የሚያወራ ልጅ አለ። ኮንዶሚኒየሞቹ አካባቢ ደግሞ ተገላቢጦሹ ነው። ዝም ያለ ልጅ ሰነፍ ነው ከመባሉ በፊት በአፍ መፍቻው ይጠየቅ። ሬቨን ቃል አልባ ቢሆንም መመሪያው ቃል አለው። መመሪያውን የልጁን ቋንቋ የሚያውቅ መምህር ያስረዳ፤ እሱ ከሌለ ከላይ ክፍል አንድ ተማሪ ይጠራ። ያለዚህ የመጀመሪያዎቹ 4 ወይም 5 ጥያቄዎች በግምት ያልፋሉ።

ጥቆማው ላይ አንድ ነጥብ ጨምሩልኝ፦ ጤና ጣቢያና ቀበሌ ላይ ለአያቱ ወይም ለእናቱ የሚያስተረጉም ልጅ ማነው? በ8 ዓመቱ የሁለት ቋንቋ ሐሳብ እያገላበጠ ለትልልቅ ሰዎች የሚያስረዳ ልጅ፣ ሪፖርት ካርዱ ላይ የማይታይ ትልቅ ችሎታ አለው።

---

የ5ኛ ክፍል መምህር፣ አያት | ጥቅምት 13፣ ከቀኑ 6:20

እኔ አንድ ስጋት አለኝ። በ2ኛ ክፍል «ይሄ አለው፣ ያ የለውም» ብሎ መፈረጅ አይከብድም? ወላጅ ሲሰማ ደግሞ ልዩ ክፍል ይከፈት ይላል፤ አስጠኚ ቀጥሮ ሬቨን ያስጠናል። ያልተመረጠው ልጅም በራሱ ተስፋ ይቆርጣል። እስከ 5ኛ ክፍል ብንጠብቅስ?

---

የምዘና ባለሙያ | ጥቅምት 13፣ ከምሽቱ 2:00

ወንድሜ፣ ስጋቱ እውነት ነው፣ መጠበቁ ግን መፍትሔ አይሆንም። ከ1ኛ እስከ 4ኛ የሚያውቀውን ሲደግም የኖረ ልጅ 5ኛ ክፍል ሲደርስ ሳይለፋ 100 ማግኘትን ለምዷል፤ የመጀመሪያው ከባድ ነገር ሲመጣ ይሰበራል። ከአባቶቻችን ቅኔ ቤት እንማር። ጉባኤ ቃናው (የመጀመሪያው፣ አጭሩ የቅኔ ዓይነት) የሆነለት ወደ ቀጣዩ፣ ወደ ዘአምላኪየ የሚያልፈው ስለቻለ ነው፤ ዓመቱ እስኪሞላ አይጠበቅም፣ ያልሆነለትም አይባረርም።

ፍረጃውን የሚያስቀረው አሠራሩ ነው። ዝርዝሩ በየትምህርቱ ይሁን፤ «ባለ ተሰጥኦ» ሳይሆን «ክፍልፋይን ያለፉ» ይባል። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ይከፈት፣ አዲስ ይግባበት። ቁጥር ለወላጅ አይነገር፤ 36 ላይ 30 ያገኘ ልጅ በሌላ ቀን 27 ወይም 33 ሊያገኝ ይችላል፣ ወላጅ ግን 30ን እንደ ስም ይይዘዋል።

---

ሱፐርቫይዘር | ጥቅምት 13፣ ከምሽቱ 2:45

ልዩ ክፍል አያስፈልግም፤ ማሰባሰብ ግን ያስፈልጋል። 240 የ3ኛ ክፍል ልጆች ውስጥ 8 ብትለዩና ለ4 ሴክሽን 2 2 ብታካፍሉ ማንም መምህር ለ2 ልጅ ብሎ አያቅድም። 8ቱ አንድ ሴክሽን ይግቡ፣ ከ52 ሌሎች ልጆች ጋር። ስሙም እንደ ወትሮው «ለ» ወይም «ሐ» ይባል። መምህሩ ፈቃደኛ ይሁን። እዚያው ሴክሽን ላይ ብዙ ድጋፍ የሚፈልጉትን ልጆች ደርቦ መጫን ግን ስህተት ነው፤ መምህሩ ለሁለቱም ጫፍ አይደርስም።

ከሰዓት በኋላ ወይም ቅዳሜ የሚደረግ ክበብ ዋናው አገልግሎት አይሁን። ዳር ሰፈር ላይ ታናሽ የምትጠብቅ፣ ውኃ የምትቀዳ፣ ከታላቋ ጋር ብቻ መንገድ የምትሻገር ልጅ ትቀራለች። በትምህርት ሰዓት ይሁን።

---

የኮዬ ሂሳብ መምህር | ጥቅምት 14፣ ከጠዋቱ 1:20

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ቅድመ ፈተናውን ለ60 ልጅ በየምዕራፉ ማረም፣ በሳምንት ከ25 ክፍለ ጊዜ በላይ ለያዘ መምህር እንዴት ይሆናል? ወረቀቱስ?

---

ልዩ ፍላጎት መምህርት፣ ቃሊቲ | ጥቅምት 14፣ ከጠዋቱ 2:05

በየምዕራፉ አይጀምሩ ቲቸር። ለመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ሁለት ምዕራፍ ይበቃል፤ ልጆች ከቤት ወይም ካለፈው ክፍል ይዘውት የሚመጡትን ይምረጡ፣ ክፍልፋይና ልኬት ለምሳሌ። ጥያቄው ሰሌዳ ላይ ይጻፍ፤ ልጆቹ መልስ ብቻ ግማሽ ገጽ ላይ ይጽፋሉ። ለ60 ልጅ 30 ወረቀት ነው፤ አንዱን ወረቀት ለሁለት መቅደድ ነው። ጥያቄዎቹን ከከባዱ ይጀምሩ፤ ሲያርሙም የመጀመሪያዎቹን 3 ብቻ ይዩ። ሦስቱንም የሳተ ወደ ጎን ይቀመጥ፤ 9 ሊያመጣ ስለማይችል ሙሉውን ማረም አያስፈልግም። አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ የሚታረመው ከ10 እስከ 15 ወረቀት ነው፤ ከግማሽ ሰዓት አያልፍም። የቀሩትን አይጣሏቸው፤ ምዕራፉን ሲጀምሩ ክፍሉ የት ላይ እንደሚሳሳት የሚነግርዎት እነሱ ናቸው። ክላሴር ውስጥ በስም ተራ ያስቀምጧቸው።